ሙታን ሳቢው አባቴ

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ቤት ውስጥ የሚያደርገው ጠፋው። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ፒያሳ፣ አንድ ሲኒማ ቤት ማሽን ክፍል ውስጥ ነው፤ ፊልሙን ማሽኑ ላይ እየጫነ፣ በትንሿ መስኮት ወደ አዳራሹ እያጮለቀ፣ ሲበጠስ እየቀጠለ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ የምታሠራው እናቴ ነበረች። "ሂድና ዳቦ ግዛ"፣ "ያን አምፖል ቀይረው"፣ "ጎረቤታችን ታመዋል፣ ጠይቀህ ና" እያለች ውላ ታመሻለች። እሷ ስትሄድ የሚያዘው ሰው አጣ። ጠዋት ይነሳል፣ ይላጫል፣ ጫማውን ይጠርጋል፣ ከዚያ የትም ሳይሄድ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል።

እኔ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ያኔ የምንኖረው እሪ በከንቱ ሰፈር ነበር፤ ሁለት ክፍል ቤት፣ መሃሉ በጣውላ የተከፈለ፣ አንዱ ጋ ሲሳል ሌላው ጋ "ይማርህ" የሚባልበት። ከሥራ ስመለስ አብረን እንበላለን፣ ትንሽ እናወራለን፣ ወሬው ቶሎ ያልቅብናል። ከዚያ እሱ ቴሌቪዥን ይከፍታል፣ እኔ ስልኬን ይዤ ክፍሌ እገባለሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥቶ የክፍሌ በር ላይ ቆመ።

"ይሄ ልጅ ማነው?" አለኝ።

"የቱ ልጅ?"

"ከስልኩ ጋር ስትስቂ እሰማለሁ። ሰው ካለ ንገሪኝ፣ አልቆጣም።"

ሰው እንኳን አልነበረም። የነበረው ጨዋታ ነው። እንዴት አድርጌ እንደማስረዳው ጨነቀኝ። በስልክ ግሩፕ እየተጻጻፍን የምንጫወተው ነው አልኩት። ሦስት ተጫዋቾች አሉ። አንዷ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት፣ የጉራጌ ልጅ፤ ቤተሰቦቿ ፒያሳ ወርቅ ቤት አላቸው፣ ደንበኛ ሲጠፋ ባንኮኒው ስር ስልኳን ደብቃ ትጫወታለች። ሌላው ልብስ ሰፊ ነው፤ የወሎ ሰው ከሆኑ አባቱ ጋር እዚያው ሰፈር ይሰፋል። ሦስተኛው ጠበቃ ነው፤ ደንብ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ቀዳዳውን ነው። እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕሪ አላቸው፤ ገጸ ባሕሪያቸው የሚያደርገውንና የሚናገረውን ይጽፋሉ። እኔ ተራኪዋ ነኝ። መንገዱን፣ ዝናቡን፣ የሚያጋጥማቸውን ሰው ሁሉ እኔ እጽፋለሁ።

"እሺ፣ እናንተ ምንድን ናችሁ?" አለኝ።

"ደም መጣጮች። ቫምፓየር። ውቤ በረሃ ሰፈር ውስጥ ተደብቀን ነው የምንኖረው።"

ይስቅብኛል ወይም ያማትባል ብዬ ጠበቅሁ። አባቴ ግን መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"አንቺ ልጅ፣ ደም መጣጭ ለኔ ልታስተምሪኝ ነው?" አለ። "ፒያሳን በደም መጣጭ ያስፈራራሁት እኔ ነኝ እኮ!"

ከዚያ በፊት ነግሮኝ የማያውቀውን ነገረኝ። የደም መጣጭ ፊልም ያሳየ ዕለት ተመልካቹ ሲወጣ በር ላይ ይቆማል አለ። የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሰው ብቻውን መሄድ ፈርቶ ጓደኛ እስኪያገኝ ይጠባበቃል። ጎረምሶቹ እንዳልፈሩ ለማስመሰል ጮክ ብለው ያወራሉ፣ ግን አንዱም ቀድሞ አይራመድም። እሱ ከላይ ከማሽን ክፍል ወርዶ በሩን ሲቆልፍ እንኳን ገና እዚያው ናቸው። ይህን ሲነግረኝ እጆቹ ይንቀሳቀሱ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ እጆቹ ሲንቀሳቀሱ ያየሁት ያን ቀን ነው።

"እኔም ልግባ" አለኝ።

ከማስገባቴ በፊት የቤታችንን ደንብ አነበብኩለት። የጨዋታው ዋና ሕግ ከኢንተርኔት ያገኘነው ነው፣ ረጅም ነው፤ በዚያ ላይ ለራሳችን የሚመቸንን ጨምረንበታል። ለምሳሌ በጾም ወራት ደም መጠጣት የለም። ይህን ያመጣችው የወርቅ ቤቷ ልጅ ናት፤ "እኔ ሽሮ እየበላሁ ገጸ ባሕሪዬ ሰው ስትበላ አይዋጥልኝም" ብላ። በረመዳን ደግሞ ልብስ ሰፊው አፍጥሮ እስኪመለስ ድረስ ማንም ተራውን አያልፍበትም።

ብዙ ያከራከረን ግን የሞት አስማቱ ነበር። በጨዋታው ሕግ ሙታን ሳቢ የሚባል ዓይነት ገጸ ባሕሪ አለ፤ የሞተ ሰው ጠርቶ ማነጋገር ይችላል። ማንም አልወሰደውም። ልብስ ሰፊው "ለጨዋታም ቢሆን ሙት አልቀሰቅስም፣ አባቴ ቢሰሙ ምን ይሉኛል?" አለ። እኛም ነገሩ ስለከበደን ገደብ አበጀንለት። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና መቃብር ጨዋታው ውስጥ አይገቡም። የመላእክትና የጻድቃን ስም አይጠራም። እውነተኛ ድግምት የሚመስል ነገር አይጻፍም። የተጠራው ሙት አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠየቃል፣ እውነቱን ይመልሳል፣ ወደ ዕረፍቱ ይሄዳል። ጠበቃው "ሙቱ የማያውቀውን ቢጠየቅስ?" ብሎ ነበር። "አላውቅም ይላላ" አልኩት። "እንግዲያው ይጻፍ" አለ፣ ተጻፈ።

አባቴ ሁሉንም በጥሞና ሰማና "እኔ ሙታን ሳቢውን እሆናለሁ" አለ።

"ለምን እሱን?"

"ሌሎቹ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ አጥር ይወጣሉ። እኔ ጉልበቴን ያመኛል። ይሄኛው ተቀምጦ የሚሠራ ነው።"

ግሩፑ ውስጥ ሳስገባው ልጆቹ ለጥቂት ቀን እንደ ትምህርት ቤት ተማሪ ጨዋ ሆኑ። ጋሼ እያሉ በእርስዎ ያናግሩታል፤ ስድብ ሁሉ ጠፋ። አባቴ የሚጽፈው በአንድ ጣት ነው። መነጽሩን አድርጎ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ፣ እየተነፈሰ። መጀመሪያ "እንደምን ዋላችሁ" ይላል፣ ከዚያ የሚለውን ይላል፣ መጨረሻ ላይ "ጨረስኩ" ብሎ ይጽፋል። ያን ሳይል ቀጥሎ የጻፈበትን ሰው ይቆጣል።

የመጀመሪያውን ሙት የጠራበትን ቀን አልረሳውም። በታሪኩ ውስጥ አንድ የመጠጥ ቤት ዘበኛ ተገድሏል፤ የምድር ቤቱን ቁልፍ ማን እንደወሰደ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሁሉም ፍም፣ ጭስና የሚያንቀጠቅጥ ቃል ይጠብቃል። አባቴ እንዲህ ብሎ ጻፈ። "ገጸ ባሕሪዬ ባርኔጣውን ያወልቃል። ከዚያ 'ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከዕረፍትዎ አስነሳሁዎት። ለመሆኑ ቤተሰብ ደህና ነው?' ይላል። ጨረስኩ።"

ጠበቃው ወዲያው መጣ። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ጥያቄዎ አልቋል። 'ቤተሰብ ደህና ነው?' አንድ ጥያቄ ነው።"

"ሰላምታ ጥያቄ ነው እንዴ?" አለ አባቴ።

"የጥያቄ ምልክት አለው።"

"ታዲያ የሞተን ሰው ደህና ዋልክ ሳልለው 'ቁልፉ የት ነው' ልበለው? እንዲህ አድርገው ነው ያሳደጉህ?"

የወርቅ ቤቷ ልጅ "ጋሼ አራዳ ናቸው አቦ!" ብላ የሳቅ ምልክት ደረደረች። ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጀ፤ መጨረሻ ላይ ደንቡ ላይ "ሰላምታ እንደ ጥያቄ አይቆጠርም" የሚል ተጨመረ። አባቴ ያን ዕለት ራት ላይ እንጀራ ደገመ።

ቤቱ ተለወጠ። በጣውላው ግድግዳ በኩል ብቻውን ሲስቅ እሰማው ጀመር። ጠዋት ጫማውን ጠርጎ መቀመጡን ትቶ መውጣት ጀመረ፤ የሚጽፈውን ቦታ ሄዶ ማየት አለብኝ ይላል። የትኛው መጠጥ ቤት ኋላ በር እንዳለው፣ የትኛው ደረጃ ስንጥቅ እንደሆነ አጣርቶ ይመጣል። ልብስ ሰፊው ጋ ጎራ ብሎ ከአባትየው ጋር ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ስለ እናቴ ግን አናወራም ነበር። እሱ አያነሳም፣ እኔም እንዳላስከፋው እፈራለሁ። ፎቶዋ ሳሎን ተሰቅሏል፤ ሁለታችንም በስሩ እያለፍን ቀና ሳንል እንሄዳለን።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰማዩ ከብዶ ዝናብ ሊጥል ነው። እሱ ሳሎን፣ እኔ ክፍሌ። ተጫዋች ሌሎቹ እንዲያዩት የማይፈልገው ነገር ካለ ለተራኪዋ በግል መጻፍ ይችላል። አባቴ በግል ጽፎልኝ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ጻፈልኝ።

"እንደምን ዋልሽ። ገጸ ባሕሪዬ ዛሬ የሚጠራው ሰው አለ። ሴት ናት፣ ጠይም። ቤት ስትገባ ሰላም ከማለቷ በፊት መጋረጃውን የምታስተካክል ሴት ናት። ስትናደድ አትናገርም፣ ታንጎራጉራለች። ሰላም ይላታል፣ ከዚያ አንድ ጥያቄውን ይጠይቃታል። 'ያን ቀን ልወጣ ስል፣ ስትመለስ የምነግርህ ነገር አለ፣ አስታውሰኝ ብለሽኝ ነበር። ምን ነበር?' ጨረስኩ።"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጋረጃው ላይ ስደርስ ማን እንደሆነች ገብቶኝ ነበር።

እናቴ ያረፈችው ሆስፒታል ውስጥ ነው፣ ክረምት ላይ። አባቴ ትኩስ ሾርባ ከቤት ሊያመጣላት ወጣ፤ ሲመለስ አልደረሰባትም። አልጋዋ አጠገብ የነበርኩት እኔ ነኝ። ልትነግረው የፈለገችው ነገር እንደነበረ ግን ከዚያች እሁድ በፊት አልሰማሁም። ይህን ያህል ጊዜ ብቻውን ይዞት ኖሯል።

መልስ መፍጠር ለተራኪ ቀላል ነው። በየቀኑ የማደርገው እሱን ነው። ድምፅዋን አውቀዋለሁ፣ አባባሏን አውቃለሁ። "ራስህን ጠብቅ" ልትለው ትችል ነበር፤ "ልጄን አደራ" ልትለው ትችል ነበር፤ ደስ የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ብጽፍ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያነበዋል። "ሴትዮዋ መጣች፤ መጋረጃውን አስተካከለች" ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ የሚመጣው የእሷ ቃል ነው። ጣቴ አልሄደልኝም። የጻፍኩትን አጠፋሁትና ተነስቼ በሩን ከፈትኩ።

ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ይጠብቃል። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ወርዷል።

"ጻፍሽ?" አለኝ ቀና ሳይል።

"አልጻፍኩም።"

"ምነው፣ ደንብ ተላለፍኩ?"

"አልተላለፍክም። አባዬ፣ አላውቅም እኮ። ምን ልትነግርህ እንደነበር አላውቅም።"

ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። "ምንም አላለችሽም?"

"ስለዚያ ምንም።"

"ፈጥረሽ ብትጽፊልኝ አምንሽ ነበር" አለ።

"ለዚያ ነው ያልጻፍኩት።"

ራሱን ነቀነቀ። አጠገቡ ያለው ወንበር የእናቴ ነበር፤ ማንም አይቀመጥበትም። ያን ቀን ተቀመጥኩበት።

"ግን አንተ ከወጣህ በኋላ ያለችውን አውቃለሁ" አልኩት። "እንደወጣህ ዝናቡ ጀመረ። ወደ መስኮቱ አየችና 'ኮቱን ለብሶ ነው የወጣው?' አለችኝ። 'አዎ እማዬ' አልኳት። 'ተመስገን' አለች። ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት።"

አባቴ ዞሮ አየኝ። "ኮቱን?"

"ኮቱን።"

"ኮቱ እኮ እሷው እግር ላይ ነበር! በረደኝ ስትል እኔ ነኝ የሸፈንኩላት።"

"አውቃለሁ።"

"እግሯ ላይ አድርጋው!" አለና ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ በእጁ ዓይኑን ሸፈነ። እኔም አልቻልኩም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ፤ እንዲህ ሲዘንብ እዚያ ቤት ውስጥ መነጋገር የሚቻለው በመጮህ ነው፣ ስለዚህ ጋብ እስኪል እጁን ይዤ ተቀመጥኩ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለኝ በኋላ። ወቀሳ አልነበረበትም።

"ትንሽ ነገር መሰለኝ። ደግሞ አንተም አልጠየቅከኝም።"

"ትንሽ ነገር" አለ፣ ቃሉን እንደማያውቀው ሰው።

ያን ቀን ልትነግረው የነበረውን መገመት ጀመርን። የጋዙ ሲሊንደር አልቋል ልትለኝ ይሆናል አለ። የእህቷ ልጅ ሠርግ ይሆናል አልኩ። የማንን ድስት እንዳልመለስን፣ የትኛው ቁልፍ የየትኛው ሳጥን እንደሆነ፣ ሁሉንም አነሳን። እሱ ደግሞ ከእኔ መወለድ በፊት ሲኒማ ቤቱ ደረጃ ላይ እንዴት እንዳገኛት፣ ፊልሙን አልወደድኩትም ብላ ማሽን ክፍል ድረስ ወጥታ እንደነገረችው አወራኝ። ያን ቀን ያወራነውን ያህል ከለቅሶው ጀምሮ አላወራንም።

በማግስቱ አባቴ "ለልጆቹ ልነግራቸው እፈልጋለሁ፣ በአካል" አለኝ። ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ተገናኘን። አባቴ ከረባት አስሮ መጣ። ልጆቹ ተነስተው ተቀበሉት፤ በጽሑፍ እንደዚያ የሚሟገተው ጠበቃ አባቴን በአካል ሲያየው አፈረ። ማኪያቶው ሲመጣ አባቴ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ኮቱንም።

"አንድ ደንብ እንዲጨመር እጠይቃለሁ" አለ። "ሰው የራሱን ሙት ጨዋታው ውስጥ አይጥራ። እኔ ልጄን ከባድ ሸክም አሸክሜያት ነበር።"

ጠበቃው ቀስ ብሎ "ጋሼ፣ ሰው ግን ቢናፍቅስ?" አለ።

አባቴ ከመመለሱ በፊት ልብስ ሰፊው ተናገረ። ጨዋታው ውስጥ ከሁላችንም ዝምተኛው እሱ ነው። ያሳደጉትን አያቱን አምና እንደቀበረ፣ አባቴ ያን ዘበኛ ሰላም ሲል ካነበበ ጀምሮ "እሳቸውንስ ቢጠሩልኝ" እያለ ሲያስብ እንደነበር፣ ደግሞ ማሰቡ ራሱ እንዳስፈራው ነገረን። "ልጠይቃቸው የምፈልገው ነገር እንኳን የለም" አለ። "ብቻ በልጅነቴ የሚጠሩኝ ስም ነበር። አሁን የሚጠራኝ የለም።"

"ምን ነበር የሚሉህ?" አለው አባቴ።

ልጁ ነገረው። እዚህ አልጽፈውም፤ የእሱ ነው። የወርቅ ቤቷ ልጅ በሶፍት ዓይኗን እየጠረገች "አያትህ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?" አለችው፣ እሱም ማውራት ጀመረ፤ አስተናጋጇ ኩባያዎቹን አንስታ፣ ጠረጴዛውን ጠርጋ፣ ሌላ ትእዛዝ ተቀብላ ስትመለስ ገና እያወራ ነበር።

ደንቡ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተረቀቀ። ቃሉን ያስተካከለው ጠበቃው ነው፤ ሐሳቡ የአባቴ ነው። ማንም ተጫዋች የራሱን ሙት በጨዋታው ውስጥ አይጠራም፤ የናፈቀው ካለ ጨዋታውን ያቁምና ኬክ ቤት ይጥራን፣ የተጠራ ሁሉ ይመጣል።

ይህ ከሆነ ቆይቷል። ሰፈራችን ሲነሳ እኛም ከእሪ በከንቱ ወጥተን ኮንዶሚኒየም ገባን፤ አሁን ፒያሳ የምንመጣው በታክሲ ነው። አባቴ አሁንም ሙታን ሳቢ ነው፤ አሁንም በአንድ ጣት ይጽፋል። የእናቴን ስም ቤት ውስጥ በቀን ብዙ ጊዜ እንጠራዋለን፣ አንዳንዴም ለመሳቅ።

በቅርቡ በሥራ ቀን፣ ጠዋት፣ ጠበቃው ግሩፑ ላይ "ኬክ ቤት" ብሎ ብቻ ጻፈ። እኔ ፋርማሲውን ለባልደረባዬ ትቼ ሄድኩ። አባቴ ቀድሞኝ ደርሷል። የወርቅ ቤቷ ልጅና ልብስ ሰፊውም መጡ። ጠበቃው መሃላችን ተቀምጦ ምንም አልተናገረም። እኛም አልጠየቅነውም። አባቴ ስለ ማሽን ክፍሉ ያወራለት ጀመር፤ ፊልም መሃል ላይ ሲበጠስ አዳራሹ እንዴት እንደሚያፏጭ፣ እሱ በጨለማ ጫፍና ጫፉን ፈልጎ እንዴት እንደሚያጣብቅ። ጠበቃው እያዳመጠ ኬኩን በሹካ ቆረሰ። ቆይቶ "ማጣበቂያው ምን ዓይነት ነበር?" አለ፤ አባቴ በደስታ አስረዳው፣ እሱም ደግሞ ጠየቀ።

ስንለያይ የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ ሄደ። እኛ ወደ ታክሲው ሰልፍ ወጣን።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኩት አባቴን።

"አልነገረኝም።"

"ታዲያ ደህና ይመስልሃል?"

"ሁለት ኬክ በልቷል" አለ አባቴ፣ ሰልፉ ውስጥ ከፊቱ እያስገባኝ። "ነገ እደውልለታለሁ።"